በሀዋሳ ሣጥን መደበቅ፤ የጂኦካሺንግ ሥራ ማስታወሻ

የካቲት መጀመሪያ፤ ዕቅድ

ሀዋሳ ውስጥ አራት ሣጥን እንደብቃለን። እያንዳንዱ ውስጥ የመፈረሚያ ደብተር ይኖራል። የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን የሚጠቁሙትን ቁጥሮች፣ ለሌሎች እንሰጣለን። እነሱ ስልካቸውን ይዘው ይፈልጋሉ። ያገኘ ሰው ይፈርማል፤ ሣጥኑንም እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል። ጂኦካሺንግ ማለት ይኸው ነው።

ሥራውን የያዝነው እኔ፣ አብሮኝ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር እና የሳይንስ ክበባችን ልጆች ነን። ለጊዜው የሣጥኖቹ ነጥቦች (ኮኦርዲኔቶቹ) የሚዞሩት በራሳችን ቴሌግራም ግሩፕ ነው። የበልጉን ዝናብ ችሎ የወጣውን ሣጥን ብቻ ዓለም አቀፉ የጂኦካሺንግ ድረ ገጽ ላይ እናስመዘግባለን። ቀድሞ ማስመዝገብ ልክ አይመስለኝም። ሰው ባጃጅ ከፍሎ መጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ሲንከራተት ውሎ የሌለ ሣጥን መፈለግ የለበትም።

የድረ ገጹን ሕጎች ግን ከአሁኑ ይዘናል። ሣጥን አይቀበርም፤ ለመፈለግም ማንም አይቆፍርም። በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይኖራል። ምግብ አይገባም። የቦታው ባለቤት ወይም ኃላፊ ይፈቅዳል። እኛ ደግሞ የራሳችንን ጨመርን፦ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ፣ ባንክ፣ ድልድይ፣ የመብራትና የቴሌ ማማ አጠገብ አንደርስም። ጉዱማሌንም ትተነዋል። የፍቼ ጫምባላላ በዓል የሚከበርበት ቦታ ነው። እዚያ ድንጋይ ሥር እየገቡ መፈለግ ነውር ይሆናል፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል።

የካቲት አጋማሽ፤ ነጥብ መያዝ

መሣሪያችን ስልክ ነው። የእጅ ጂፒኤስ፣ በሳተላይት ቦታ የሚለየው መሣሪያ፣ ዋጋው አይቀመስም። ለካርታ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባል መተግበሪያ ጭነናል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይሠራል።

ሰማዩ ክፍት ሲሆን ስልክ ቦታውን በአምስት ሜትር ገደማ ስህተት ይይዛል። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ስንገባ ግን ነገር ተበላሸ። እኛ ቆመናል፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ትሄዳለች። አንዴ ሐይቁ ውስጥ ትገባለች፣ አንዴ አስፋልቱ ላይ ትወጣለች። ስልኩ ያለበትን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት ያስፈልገዋል። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ምልክቱ እኛ ጋ የሚደርሰው በጣም ደክሞ ነው። እርጥብ ቅጠል የባሰ ያደክመዋል። ውሃና ግድግዳ ደግሞ አንጥረው በረዥሙ መንገድ ይልኩታል። አንድ ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ያህል የዘገየ ምልክት ለስልኩ 300 ሜትር ማለት ነው።

የተሻለው ዘዴ ይህ ሆነ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ትንሽ መጠበቅ፤ ንባቡን መጻፍ፤ በሌላ ሰዓት ተመልሶ እንደገና መያዝ፤ በመጨረሻ አማካዩን መውሰድ። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ የጠዋቱ ስህተትና የከሰዓቱ ስህተት አንድ አቅጣጫ አይዙም። ልጆቹ ይህን ሥራ ወደዱት። ክፍል ውስጥ አማካይ ሲባል የሚያንቀላፋው ልጅ ኤክሴሉን ማንም እንዳይነካበት ይዞ ይዞራል።

ቀጥሎ ያስቸገረን የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ጂኦካሺንግ ዲግሪና ደቂቃ ይጠቀማል (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው)፦ ሀዋሳ 7 ዲግሪ ከ03 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ናት። ጎግል ማፕስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲግሪን በነጥብ ይጽፋል፤ በዚያ አጻጻፍ ያው ቦታ 7.05 እና 38.47 ይሆናል። ከልጆቹ አንዷ ደቂቃውን ከነጥብ በኋላ አድርጋ 7.03 እና 38.28 ብላ ስታስገባ ካርታው ሐይቁን አሻግሮ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ ማንኛውም ነጥብ በሁለቱም አጻጻፍ ይለጠፋል። አንዱ ሌላውን ያርማል።

የጂኦግራፊው መምህር ያረጀ ባለ 1:50,000 የወረቀት ካርታ አለው፤ በጣም የሚያምር ካርታ ነው። ከእሱ ላይ ነጥብ አንብበን ስልክ ላይ ስናስገባ 200 ሜትር አካባቢ ይዛነፍ ነበር። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት ነው፤ ስልክ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን። ሁለቱ የምድርን ቅርጽና መሀል የሚወስዱበት መንገድ ይለያያል። ካርታው ለመንገድና ለኮረብታ ያገለግለናል፤ ነጥብ ግን ከእሱ አንወስድም።

የካቲት መጨረሻ፤ ሣጥን

ገበያ ያለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራ የላስቲክ ዕቃ፣ 90 ብር። ሌላው በአራት ጎኑ የሚቆለፍና ክዳኑ ጎማ ያለው የምግብ ዕቃ፣ 260 ብር። ሁለቱንም ውስጣቸው ሶፍት ከተን ባልዲ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭነን አሳደርናቸው። ጠዋት የተራው ሶፍት ገንፎ ሆኗል። የባለ ጎማው ደረቅ ነው።

ርካሹን ለማዳን ከጎሚስታ ካላማዳሪ ለምነን በክዳኑ ልክ ቆርጠን ለጠፍንበት። ጎኖቹ ያዙ፣ ማዕዘኖቹ አፈሰሱ። ተውነው። ውድ ቢሆንም ባለ ጎማው ይሻላል፤ ደብተር በየሳምንቱ ከመቀየር ይረክሳል።

ለጠባብ ቦታ ደግሞ ጥሩ ነገር አገኘን። የአንድ ተማሪያችን ወንድም የውሃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የላስቲክ ጠርሙስ ከመነፋቱ በፊት ያለውን ቅርጽ አመጣልን፤ ፕሪፎርም ይሉታል። ግድግዳው ወፍራም፣ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚበልጥ ቱቦ ነው። አንድ ጫፉ ድፍን ነው። ሌላው ጫፉ ላይ ጥርስ አለው፤ የታወቀው የውሃ ክዳን ልክክ ብሎ ይገጥምበታል። ድንጋይ ላይ ጣልነው፣ አልተሰነጠቀም። በላዩ ቆምንበት፣ አልተጨፈለቀም። ተጠቅልሎ የገባ ወረቀት ከነአጭር እርሳሱ ይይዛል። ባልዲው ውስጥ አድሮ ጠብታ አላስገባም። እንዲህ ያለ ዕቃ በነጻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ውስጥ የሚገባው፦ ደብተር 25 ብር፣ ሁለት እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ከጫማ ካርቶን የተጠራቀመ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል። እስኪርቢቶ አይገባም፤ እርጥበት ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፣ የሰው ስም ይጠፋል። ለመለዋወጫ ቁልፍ መያዣ፣ ዶቃ፣ የድሮ ሳንቲም አስገባን። አንድ ነገር የወሰደ እኩያውን ይተካል።

ሣጥኑን ቀለም መቀባት ፈልገን ነበር። ስፕሬዩ 400 ብር ተባለ። ጥሩ ነው ሳንገዛ የቀረነው፤ ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

የካቲት መጨረሻ፤ ፈቃድ

ቀበሌ የተቀበሉን ኃላፊ ጨዋ ሰው ናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ሰው የማያውቀውን ሣጥን ዛፍ ሥር ተወሽቆ ቢያይ ምን ያስባል?» አሉ። ልክ ናቸው። ይህ ጥያቄ ሌላ አገርም ተነስቷል፤ የተደበቀ ሣጥን ተገኝቶ ፖሊስ የተጠራበት ጊዜ አለ። ሣጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ደብተሩን፣ ዶቃውን፣ ሳንቲሙን አንድ በአንድ አነሱ።

«ማን ጀመረው?» ብለው ጠየቁ። አጫወትኳቸው። አሜሪካ ለሲቪል የሚሰጠውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ታዛባ ነበር፤ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በፈረንጆች 2000 ሜይ 1 ቀን ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቆም ማዘዛቸው ተገለጸ። በሜይ 3 ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አካባቢ አንድ ባልዲ ደብቆ ኮኦርዲኔቱን ኢንተርኔት ላይ አወጣ። አዲሱ ምልክት ምን ያህል እንደሚያደርስ ለመፈተን ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍትና የታሸገ ባቄላ፣ እንዲሁም ወንጭፍ ነበረ። ወንጭፉ ላይ ሲደርስ ኃላፊው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ቀለለ።

የሰጡን ቅድመ ሁኔታ ሥራችንን አሻሻለው። ሣጥኑ ውስጡ የሚታይ ይሁን። ውጪው ላይ ምን እንደሆነ ይጻፍ፣ ስልክ ቁጥር ይኑር። የቦታዎቹ ዝርዝር ቀበሌም ፖሊስም ጋ ይቀመጥ። ደብዳቤ አስገብተን ማኅተም ወጣልን። ጽሑፉን በአማርኛና በሲዳሙ አፎ አሠራን፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔቱ አንዱ 30 ብር፦ «ይህ ሣጥን የጨዋታ ነው። አደገኛ ነገር የለበትም። ከፍተው ይዩት፤ ፈርመው መልሰው ያስቀምጡት።»

መጋቢት፤ ፍቅር ሐይቅ

የመጀመሪያው ሣጥን ሐይቁ ዳር፣ መናፈሻ መንገዱ አጠገብ፣ ድንጋይ ካብ ውስጥ ገባ። አልከረመም። በሳምንቱ ስንሄድ ካቡ ፈርሶ ዕቃውም ደብተሩም የለም።

ፍቅር ሐይቅ ሰው የሌለበት ሰዓት የለውም። ጠዋት ስፖርት የሚሠራ አለ፣ ቀን ሊስትሮና ቆሎ ሻጭ፣ ማታ ጥንዶች። ፈላጊው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ አሥር ዓይን ያየዋል። ሌላ አገር ያሉ ተጫዋቾች ማንም ሳያያቸው ማንሳትን እንደ ሙያ ይቆጥሩታል፤ ዘወር ብለው ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እዚህ ዘወር ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይበልጥ ያጠራጥራል።

ጥልቅ ቦታ እንፈልግ ወይስ ሌላ መንገድ እንሞክር ብለን ተከራከርን። የጂኦግራፊው መምህር ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ እንስቀለው አለ። እኔ አልተስማማሁም፤ ልጆች ሲወጡ ይወድቃሉ። በመጨረሻ እዚያው አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ሴት አናገርን። ሣጥኑን አሳየናት። «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገራችሁኝም? ያን ቀን ልጆቹ ሲያፈርሱት እያየሁ ነበር እኮ፤ የማን እንደሆነ በምን አውቄ ላስጥል?» አለች።

አዲሱ ሣጥን እሷ ከተቀመጠችበት ጥቂት እርምጃ ርቆ ገባ። ሊስትሮዎቹንም ሰብስበን ከፍተን አሳየናቸው፤ ገንዘብ እንደሌለው በዓይናቸው አዩ። ስማቸውን ደብተሩ ላይ በመጀመሪያው ገጽ አስፈረምናቸው። አሁን ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸው። ቦታውን ለማንም አይናገሩም፤ በዚህ ላይ ከእኛ የበለጠ ጥብቅ ናቸው። ቡና አፍይዋም አትናገርም፤ ፈላጊ የማይሆን ቦታ ላይ ድንጋይ መገልበጥ ሲጀምር ብቻ «ቡና ልቅዳልዎት?» ትላለች። ያ ሰው ቡናውን ሲጠጣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ብዙዎቹ ያኔ ያገኙታል።

ከዚህ በኋላ ዕቅዱን ቀየርነው። መጀመሪያ ጠባቂ፣ ቀጥሎ ቦታ። ሰው የማይደርስበት ጥግ መፈለግ አቁመናል።

መጋቢት አጋማሽ፤ አሞራ ገደል

አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያለ፣ ዓሣ ገበያ ያለበት መናፈሻ ነው። እዚህ ችግሩ ሰው አይደለም፤ ጦጣ ነው። ትኬት ቆርጠን ገብተን፣ ከጥበቃው ጋር ተነጋግረን፣ ሣጥኑን ሥሮች መካከል አስቀመጥን። አንድ ፈላጊ ለመለዋወጫ ብሎ ከረሜላ ተወ። ላስቲክ የተጠቀለለ ከረሜላ ነው፣ ክዳኑም ጎማ አለው፤ ጦጣዎቹ ግን አላለፉትም። ከአራቱ መቆለፊያ ሁለቱን ሰብረው ደብተሩን ቅጠል በቅጠል በትነውታል። ጥበቃው አባታችን የተረፈውን ገጽ ለቅመው ኪሳቸው ውስጥ አቆዩልን።

ቀጥሎ የሞከርነው ፕሪፎርሙን ነው። በሳሙና አጠብነው፣ በአመድ አሸነው፣ ግራጫ ሽቦ አስረን ሥር ሥር ያለ ቀዳዳ ውስጥ አንጠለጠልነው። ሚስማር አልመታንም፤ ዛፍ አይበሳም። ጦጣዎቹ አንዴ አውጥተው አይተው ትተውታል፤ የጥርስ ምልክት አለበት። ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ለሰው ቀላል ነው፣ ለጦጣ አልሆነላቸውም። ቀኑን ሙሉ ቱሪስት እጅ ላይ ሙዝ የሚነጥቁ እንስሳት የተዉት ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ምንም አላደረጉን። ዓሣ ገበያው እያለላቸው ሣጥን ምን ያደርግላቸዋል።

መጋቢት መጨረሻ፤ ታቦር

ታቦር ተራራ ላይ ያለው ሥራ ቀላል ነበር። ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ነጥቡ ወዲያው ተያዘ፤ ንባቦቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ሣጥኑ ድንጋይ ሥር ገባ። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች እንደ ሐይቁ ሊስትሮዎች ፈረሙ። አራተኛውን ወደ አላሙራ ተራራ በኩል አስቀመጥን፤ ስለሱ ብዙ የሚጻፍ የለም፣ ደህና ነው።

ስለ ታቦር የምጽፈው ሌላ ነገር አለኝ። ከክበባችን ልጆች መካከል ሀዋሳ ተወልደው፣ ታቦርን በየቀኑ ከመስኮት እያዩ አድገው አንድም ቀን ወጥተውት የማያውቁ ነበሩ። ሣጥን አለ ሲባሉ ወጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሐይቁ እስከ ዳር ድረስ ተዘርግቶ፣ ከተማው ከሥራቸው ተሰድሮ ታየ። አንዷ የቤታቸውን ቆርቆሮ ለይታ አገኘችና ጮኸች፤ ሣጥኑን ረስተውት ነበር። አንድ የላስቲክ ዕቃ ሰውን እዚህ ካወጣ 260 ብሩ ምንም አይደለም።

ሚያዝያ፤ ዝናብ

በልጉ ዘንድሮ ጠንከር ብሎ መጣ። ከአራቱ አንዱ ረጠበ፤ የአላሙራው። ሣጥኑ አላፈሰሰም። የመጨረሻው ፈላጊ ሲዘጋ የደብተሩ ላስቲክ ከረጢት ጫፍ ጎማው ላይ ተነክሶ ቀርቷል። በዚያች ክር በምታህል ክፍተት ውሃው ተስቦ ገብቷል። ደብተሩ አብጦ ሣጥኑን ሞልቶታል። በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ ግን ይነበባል። ገጾቹን በገመድ ላይ አስጥተን አደረቅናቸው።

የወሰድነው እርምጃ፦ ከረጢቱን አስቀረን። ደብተሩ አሁን በሌላ ትንሽ ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ ሆኖ ነው ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው። 70 ብር ጨመረ። ክዳኑ ላይም «አራቱንም ጎን ቀጭ እስኪል ይዝጉ» ብለን ለጠፍን።

ሚያዝያ መጨረሻ፤ ያላገኙት

ከሻሸመኔ ሁለት ወጣቶች መጥተው አሞራ ገደል ላይ ግማሽ ቀን ፈልገው አጥተው ሄዱ። ግሩፑ ላይ «አላገኘንም፣ ጠፍቶ ይሆናል» ብለው ጻፉ። ሮጬ ሄድኩ። ፕሪፎርሙ ቦታው ላይ ነበር። ጥበቃው አባታችን የዚያን ቀን ተረኛ አልነበሩም።

ይህ ያናድዳል፤ ለእነሱም ለእኔም። ዛፉ ሰማዩን ሸፍኖ ነጥቡ በአሥር ሜትር ሲዛነፍ፣ በዚያ አሥር ሜትር ዙሪያ ውስጥ የሚገባው ሥርና ቀዳዳ ስፍር ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቁጥሩ ብቻ አያደርስም፤ ፍንጭ ያስፈልጋል። የነበረው ፍንጭ «ከሥሩ» የሚል ነበር። አሁን «በሰው ወገብ ከፍታ፣ ፀሐይ መውጫ በኩል፣ ሽቦ» ብለነዋል። ደረጃውንም ቀይረናል። ጂኦካሺንግ ለፍለጋው ክብደትና ለመንገዱ አስቸጋሪነት ለየብቻ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል። አሞራ ገደልን ለፍለጋ ከ2 ወደ 3.5 ከፍ አደረግነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ 1.5 ላይ ቆየ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ መብቱ ነው።

የሻሸመኔዎቹ ወጣቶች ተመልሰው መጡ፣ አገኙት፣ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያውንም ቀን የሁለተኛውንም ቀን ጻፉ። ደስታቸው የሁለት ቀን ደስታ ነበር።

ግንቦት፤ ወጪና ቀጣይ ሥራ

አንድ ባለ ጎማ ሣጥን ከነውስጥ ዕቃው፣ ከነላሚኔቱ 420 ብር ገደማ ወጥቶበታል። የፕሪፎርሙ 60 ብር አይሞላም። ትልቁ ወጪ ባጃጅ ነው፤ ሣጥን ሲበላሽ የሚወጣው የመመላለሻው ብር ነው። ለዚህም ነው ጠባቂ ያለው ሣጥን በገንዘብም የሚያዋጣው። ቡና አፍይዋ ዝናብ በጣለ ማግስት ሣጥኑን ከፍታ አይታ ትደውላለች፤ እኛ የምንሄደው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። የሥራ ዋጋ እንስጥሽ ብንላት አልተቀበለችም። ክበቡ አሁን ስብሰባውን እሷ ጋ ነው የሚያደርገው፣ ቡናውን በዋጋው ከፍለን እንጠጣለን።

የሐይቁ ዳርና የታቦር ሣጥኖች ለምዝገባ ደርሰዋል። ጽሑፉን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተናል፤ ለድረ ገጹ የሚያጣራው በጎ ፈቃደኛ ስለ ፈቃዱ ከጠየቀ የቀበሌው ደብዳቤ ስካን ተደርጎ ተቀምጧል። አሞራ ገደል አንድ ወር ይቆይ። አላሙራ አዲሱ የውስጥ ዕቃ እስኪፈተን ይጠብቃል።

ሌላው ሐሳብ ኧርዝካሽ ነው። ሣጥን የለውም፤ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ስለ መሬቱ አፈጣጠር አይቶ ጥያቄ ይመልሳል። ሀዋሳ ሐይቅ ያለው በጥንታዊ ካልዴራ ውስጥ ነው፤ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ የሰመጠበት ጎድጓዳ ማለት ነው። ከታቦር አናት ሆኖ ዙሪያውን ማየት ይቻላል። የሚረጥብ ደብተር የለም፣ ጦጣም አይነካውም። የጂኦግራፊው መምህር ጥያቄዎቹን እየጻፈ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጥተን ከየትኛው ድንጋይ ላይ የካልዴራው ጠርዝ ጎልቶ እንደሚታይ እንለያለን፤ ልጆቹ ኮምፓስና የወረቀቱን ካርታ ይይዛሉ።